የቆመበትን ያሸነፈ ንጉሥ፦ የሣልሳዊ አንጥያኮስ አመራርና የሴሌውቃውያን መንግሥት ውድቀት

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ190 ማብቂያ ገደማ፣ ዛሬ ምዕራብ ቱርክ በሆነችው በልድያ፣ ማግኔዥያ በምትባል ከተማ አጠገብ ባለ ሜዳ ላይ፣ ከታላቁ እስክንድር በኋላ በእስያ የነገሠው የሴሌውቃውያን ቤት ንጉሥ ሣልሳዊ አንጥያኮስ የሠራዊቱን ቀኝ ክንፍ ራሱ እየመራ የሮማውያንን ግራ ክንፍ ሰብሮ አለፈ። ሸሺዎቹንም እስከ ጦር ሰፈራቸው ድረስ አሳደዳቸው። ሰፈሩን እንዲጠብቅ የተተወው ማርቆስ ኤሚሊዮስ የተባለ መኮንን በሰይፍ እያስፈራራ የሚሸሹትን ወገኖቹን ባይመልስና ከጠባቂዎቹ ጋር ሆኖ ባይመክት ኖሮ ሰፈሩ ራሱ በንጉሡ እጅ በወደቀ ነበር። አንጥያኮስ ፊቱን ወደ ኋላ ሲያዞር ግን ጦርነቱ ያለ እሱ አልቆ ነበር። ግራ ክንፉ ተበትኗል፤ ረጅም ጦር የያዘው መካከለኛው እግረኛ ተከቧል፤ በእግረኛው መካከል የቆሙት ዝሆኖችም በተወረወረባቸው ጦር ቆስለው የራሳቸውን ወገን ይረግጣሉ።

ነገሩን ለጥናት የሚያበቃው ሽንፈቱ ብቻ አይደለም። ይኸው ንጉሥ ከ27 ዓመት በፊት ከጋዛ በስተ ደቡብ በራፊያ ሜዳ ከግብፁ ንጉሥ ጋር ሲዋጋ በዚያው በቀኝ ክንፍ ቆሞ፣ በዚያው አኳኋን ፊቱ ያለውን ጠላት ሰብሮ አሳዶ፣ በዚያው አኳኋን የቀረውን ሠራዊት አጥቷል። በሁለቱ ጦርነቶች መካከል ከአርመን እስከ ሕንድ ድንበር ዘምቶ አገር ያስገበረ፣ «ታላቁ» የሚል ስም ያገኘ ሰው ነው። ስለዚህ ስሕተቱን የልምድ ማነስ ወይም የፍርሃት ውጤት ነው ማለት አይቻልም። የዚህ ጽሑፍ አሳብ፣ አንጥያኮስ በጦር ሜዳ ያደረገውን በመንግሥቱም ላይ አድርጎታል፣ መንግሥቱም ራሱ ከመሠረቱ የተሠራው በዚሁ አሠራር ነበር የሚል ነው፤ ንጉሡ በቆመበት ሁሉም ይጸናል፣ ባልቆመበት ግን የሚይዘው የለም።

እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ በተለይ ካልተገለጸ በቀር፣ ሁሉም ከክርስቶስ ልደት በፊት ናቸው፤ ስለዚህ ቁጥሩ ሲያንስ ዘመኑ ወደ ፊት ይሄዳል።

መሥራቹ ቀዳማዊ ሴሌውቆስ ከታላቁ እስክንድር የጦር አለቆች አንዱ ነበር። እስክንድር በ323 በባቢሎን ከሞተ በኋላ በተደረገው ሁለተኛ ክፍፍል የባቢሎን አገረ ገዢነት ደረሰው፤ በ315 ግን ከባልንጀራው ከአንቲጎኖስ ሸሽቶ ግብፅ ገባ። በ312 የተመለሰው 1,000 ያህል ሰው ብቻ ይዞ ነው፤ ባቢሎናውያን ግን ቀድሞ ስለሚያውቁት ተቀበሉት። ሥርወ መንግሥቱ ዘመኑን የሚቆጥረው ከዚህ መመለስ ጀምሮ መሆኑ በራሱ ትርጉም አለው፤ የመንግሥቱ የመጀመሪያ ዓመት ንጉሡ ወደ ቦታው የመጣበት ዓመት ነው። ቀጥሎም ወደ ምሥራቅ ዘምቶ ከሕንዱ ንጉሥ ከቻንድራጉፕታ ጋር ተዋዋለ፤ የምሥራቅ ጫፍ አገሮችን ትቶለት 500 ዝሆን ተቀበለ። በ301 በኢፕሶስ አንቲጎኖስን የጣሉት እነዚህ ዝሆኖች ናቸው። የአንቲጎኖስ ልጅ ድሜጥሮስ ፈረሰኞቹን ይዞ የሴሌውቆስን ልጅ አንጥያኮስን አሸንፎ ርቆ ሲያሳድድ ዝሆኖቹ መመለሻውን ዘጉበትና አባቱ ብቻውን ቀርቶ ተገደለ። እንግዲህ ሴሌውቃውያን ታላቅ መንግሥት የሆኑት፣ አንድ አዛዥ ባሸነፈበት ክንፍ ተስቦ ከሜዳው በመራቁ ነው። ከዘራቸው የተወለደው ሣልሳዊ አንጥያኮስ ይህንን ታሪክ ሳይሰማ አድጓል ብሎ ማመን ይከብዳል።

ሴሌውቆስ የመንግሥቱን ስፋት ችግር አልዘነጋም። ከኤጌ ባሕር እስከ መካከለኛው እስያ ያለውን አገር አንድ ሰው ሊገኝበት ስለማይችል፣ ከሶግዲያናዊቷ ሚስቱ ከአፓማ የተወለደውን ልጁን አንጥያኮስን ገና በሕይወቱ ሳለ አጋር ንጉሥ አድርጎ ምሥራቁን ሰጠው። በጤግሮስ ዳር ሴሌውቅያን፣ በሶርያ ደግሞ አንጾኪያን፣ አፓሚያን፣ ሎዶቅያንና ሌላይቱን ሴሌውቅያ ቆረቆረ። ከባሕሩ ዳር ያለችው ሴሌውቅያ በሐዋርያት ሥራ ጳውሎስና በርናባስ በመርከብ የተነሡባት ናት። የዘየደው መላ ግን ለችግሩ ሌላ ንጉሥ መጨመር እንጂ ንጉሥ በሌለበት የሚሠራ አስተዳደር መትከል አልነበረም።

የዚህ መላ ድካም በሦስተኛው ትውልድ ታየ። ዳግማዊ አንጥያኮስ በ246 ሲሞት የሁለት ሚስቶቹ ወገኖች በአልጋው ተጣሉ፤ የግብፁ ሣልሳዊ በጥሊሞስ ከሁለቱ ሚስቶች አንዷ ለነበረችው ለእኅቱ ለበርኒቄ ሊደርስ ሠራዊቱን ይዞ ገባ። የዚህን ዘመቻ ዜና ያቆየልን በቀይ ባሕር ዳርቻ፣ በአዱሊስ፣ ቆሞ የነበረ የግሪክ ጽሑፍ ነው። ጽሑፉን ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ6ኛው መቶ ዓመት፣ በዐፄ ካሌብ ዘመን፣ ኮስማስ የተባለ መንገደኛ ነጋዴ ገልብጦታል። በጥሊሞስ በዚያ ላይ አባቱና እርሱ ከዚህ አካባቢ አሳድነው ለጦርነት ባሠለጠኗቸው ዝሆኖች እንደዘመተ፣ ኤፍራጥስን ተሻግሮም እስከ ባክትሪያ (ዛሬ ሰሜን አፍጋኒስታን) ያለውን አገር እንደገዛ ይናገራል። መኩራራቱ ብዙ ነው፤ በአገሩ ሁከት ተነሥቶበት ወዲያው ስለተመለሰ ባክትሪያን በዓይኑ አላያትም። ነገር ግን አንድ የውጭ ንጉሥ ያን ያህል ርቆ መግባት መቻሉ የሴሌውቃውያንን አገር ማን እንደያዘው ያሳያል። ከዚህ በኋላ ሁለት ወንድማማቾች ተዋጉ፣ የባክትሪያ አገረ ገዢ ራሱን አነገሠ፣ ጳርቴም በአርሳቄስ ወገኖች እጅ ገባች።

ሣልሳዊ አንጥያኮስ በ223 ወንድሙ በታናሽ እስያ ዘመቻ ላይ በራሱ ሰዎች ሲገደል አልጋውን ወረሰ። ዕድሜው 20 ዓመት ገደማ ነበር። ከወንድሙ የወረሰው ዋና ባለሟል ሄርሜያስ ሲሆን፣ የቤተ መንግሥቱ ሁሉ ነገር በእርሱ እጅ ነበር። ወዲያው የሜዶን አገረ ገዢ ሞሎን ከፋርስ አገረ ገዢ ወንድሙ ጋር ሸፈተ። በምክር ቤቱ የተነሣው ክርክር የጉዳያችን ፍሬ ነገር ስለሆነ ቆም ብሎ ማየት ይገባል። ኤፒጌኔስ የተባለ የጦር አለቃ፣ ንጉሡ ሳይዘገይ ራሱ መዝመት አለበት፣ ንጉሡ በሠራዊት መካከል ሲታይ ወይ ሞሎን አይደፍርም፣ ቢደፍርም ሕዝቡ ራሱ ይዞ ያስረክበዋል አለ። ሄርሜያስ ደግሞ ከሽፍቶች ጋር የጦር አለቆች፣ ከነገሥታት ጋር ንጉሥ ይዋጋ ብሎ ተከራከረ። የሄርሜያስ ቃል አሸነፈና ዜኖይታስ የተባለ አዛዥ ተላከ፤ ጤግሮስን ተሻግሮ ጠላት የሸሸ መስሎት ወታደሮቹ ሲጠጡ አደሩ፣ ሞሎን ሌሊት ተመልሶ ፈጃቸው።

ዳግመኛ ሲመከር ኤፒጌኔስ ትክክል እንደነበረ ለሁሉም ግልጽ ሆነ። ሄርሜያስ ግን የሰው ምክር ትክክል ሲሆን ሰውየውን ማጥፋት ይሻላል ብሎ ከሚያምን ወገን ነበር። የወታደሩ ደሞዝ ተከማችቶ ሳይከፈል ስለቆየ፣ ውዝፉን እኔ እከፍላለሁ፣ ኤፒጌኔስ ግን ከዘመቻው ይቅር ብሎ ንጉሡን አስማማው፤ ቆይቶም ከሞሎን የተጻፈ የሚመስል የሐሰት ደብዳቤ በኤፒጌኔስ ወረቀቶች መካከል አስገብቶ አስገደለው። በ220 ንጉሡ ጤግሮስን ተሻግሮ ከሞሎን ጋር ሲገናኝ የሆነው ግን የሟቹ ምክር ነው። የሞሎን ግራ ክንፍ ንጉሡን ባየ ጊዜ ወደ እርሱ ዞረ፤ ሞሎንም ራሱን ገደለ። አንጥያኮስ ከዚህ ሁለት ትምህርት ወሰደ። አንዱ ሄርሜያስን ማስወገድ ነበር፤ ሐኪሙ አፖሎፋኔስ አስጠንቅቆት፣ ለጤናው በማለዳ ንጹሕ አየር ሊወስድ ነው ተብሎ በወጣበት ባለሟሉን አስገደለው። ሁለተኛው ትምህርት ግን ጠልቆ የገባው ነው፤ እኔ ራሴ ስሄድ ይሠራል የሚል።

በዚያው ዓመት የታናሽ እስያ ገዢው ዘመዱ አኬዎስ ዘውድ ጭኖ ወደ ሶርያ ሲያቀና፣ ወታደሮቹ የሚዘምቱት በተፈጥሮ ንጉሣቸው ላይ መሆኑን ሲረዱ መንገድ ላይ እምቢ አሉት። አኬዎስም ሊዋጋ የወጣው ለሌላ አገር እንደሆነ አስመስሎ መለሳቸው። ይህ የሴሌውቃውያን መንግሥት እውነተኛው ግንብ ነበር። ወታደሩ የመቄዶንያና የግሪክ ዘር ሰፋሪ፣ ርስቱን ከንጉሥ የተቀበለ፣ ለአንድ ቤት የተገዛ ነበርና፣ እውነተኛው ንጉሥ አንድ እስከሆነ ድረስ ማንም አማጺ ብዙ አይራመድም። ይህንን ነጥብ አንባቢ እስከ መጨረሻው እንዲይዘው እፈልጋለሁ።

የራፊያው ጦርነት የተደረገው በ217 ነው። አንጥያኮስ 62,000 እግረኛ፣ 6,000 ፈረሰኛና 102 የሕንድ ዝሆን ነበረው፤ ራብዓይ በጥሊሞስ ደግሞ 70,000 እግረኛ፣ 5,000 ፈረሰኛና 73 የአፍሪካ ዝሆን አሰልፏል። የግብፅ ዝሆኖች የሕንዶቹን ሽታና ጩኸት መቋቋም አቅቷቸው ወደ ኋላ ሲመለሱ የራሳቸውን ግራ ክንፍ አወኩት፤ አንጥያኮስም ይህን ይዞ በጥሊሞስ ራሱ የቆመበትን ክንፍ ሰብሮ አሳደደ። በደስታና በመዝመት ስካር የተቀረውን ረሳ። ከእርሱ ጋር ከነበሩት በዕድሜ የገፉ አንድ ሰው፣ ከመካከለኛው ሰልፍ የተነሣው አቧራ ወደ ራሳቸው ሰፈር እየሄደ መሆኑን እስኪያሳዩት ድረስ አሸናፊ መስሎት ነበር። በጥሊሞስ በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ ሰነፍና ተድላ ወዳድ ነው። በዚያ ቀን ግን ከተሰበረው ክንፍ አምልጦ በእግረኛው ሰልፍ ኋላ ተጠልሎ፣ በድንገት በመካከላቸው ወጥቶ ለሁለቱም ወገን ታየ፤ ወገኖቹ በረቱ፣ ጠላቶቹ ደነገጡ። ሰነፉ ንጉሥ በሚያስፈልግበት ቦታ ተገኘ፤ ትጉሁ ንጉሥ የለም። አንጥያኮስ ወደ 10,000 የሚጠጋ ሙት 4,000 ምርኮኛ ሰጥቶ ደቡብ ሶርያን ለቀቀ።

ቀጥሎ የመጣው ዘመን የአንጥያኮስ ምርጡ ነው። ሰርዴስን በብዙ ከበባ ይዞ አኬዎስን በክህደት አስያዘና በጭካኔ ገደለው። ከ212 ጀምሮ ለስምንት ዓመት ያህል በምሥራቅ ዞረ። ሠራዊት ገንዘብ ይፈልጋልና በኤቅባጥና ከነበረው የአናይቲስ ቤተ መቅደስ ወርቅና ብር አስወልቆ ወደ 4,000 መክሊት (አንዱ መክሊት 26 ኪሎ ግራም ያህል ነው) የሚጠጋ ገንዘብ አስመታ። የጳርቴውን ንጉሥ አስገበረ። በባክትሪያ ኤውቲዴሞስን በዋና ከተማው ሁለት ዓመት ከቦ መያዝ ባቃተው ጊዜ፣ ኤውቲዴሞስ እንዲህ የሚል መልእክት ላከለት፦ የሸፈተው እኔ ሳልሆን ሌሎች ናቸው፣ እኔ የሸፈቱትን ልጆች አጥፍቼ የነገሥሁ ነኝ፤ በድንበራችን ላይ ደግሞ ብዙ ዘላን ቆሟል፣ እርስ በርሳችን ከተዳከምን አገሩ ለሁለታችንም አይተርፍም። አንጥያኮስ የንግሥና ስሙን አጸደቀለት፣ ለልጁ ለድሜጥሮስ ሴት ልጁን ሊድርለት ቃል ገባ፣ ዝሆኖቹንም ወሰደ። ከሕንድ ድንበር ተጨምረው ዝሆኖቹ 150 ደረሱ። በመልስ መንገዱ በፋርስ ባሕረ ሰላጤ ዳር ያሉት የጌራ ነጋዴዎች ነጻነታቸውን እንዳይነካ ለምነው 500 መክሊት ብር፣ 1,000 መክሊት ዕጣንና 200 መክሊት ከርቤ ሰጡት።

ይህ ዘመቻ ምን አተረፈ? ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ፍርድ፣ ንጉሡ ጀርባውን ሲያዞር ሁሉም እንደ ነበረ ሆነ የሚል ነው። ፍርዱ ትንሽ ያጎድላል። አንጥያኮስ ሊይዘው የማይችለውን አገር በውል፣ በጋብቻና በግብር ማሰሩ ብልኅነት ነው፤ ለኤውቲዴሞስ የሰጠው መልስ ደግሞ የነገሥታት ኩራት ብዙ ጊዜ የማይፈቅደው ዓይነት ነው። ጉድለቱ ውሎቹ ሁሉ ከአንጥያኮስ ጋር እንጂ ከመንግሥቱ ጋር የታሰሩ አለመሆናቸው ነው። የዝሆኑ፣ የግብሩና የጋብቻው ውል የሚጸናው አንድ ሰው ተመልሶ ሊመጣ ይችላል የሚለው ፍርሃት እስካለ ብቻ ነበር።

በግብፅ ራብዓይ በጥሊሞስ በ204 ሞቶ ሕፃን ልጁ ሲነግሥ አንጥያኮስ ደቡብ ሶርያን ዳግም ወረረ፤ በ200 በፓኒዮን ድል አድርጎ የራፊያን ዕዳ ከፈለ። የኢየሩሳሌም ሰዎች ሠራዊቱን ተቀብለው መገቡለት፣ እርሱም ለቤተ መቅደሱ መሥዋዕት ድጋፍ አደረገ፣ ለከተማዪቱም የሦስት ዓመት ግብር ማረ። ልጁን ክሌዎጳትራን ለግብፁ ብላቴና ንጉሥ ዳረ። የትንቢተ ዳንኤልን 11ኛ ምዕራፍ የሚያውቅ አንባቢ ይህችን ለደቡብ ንጉሥ የተሰጠችውን ሴት ልጅ፣ ፊቱን ወደ ደሴቶች የመለሰውን የሰሜን ንጉሥና በኋላው የተነሣውን ግብር አስገባሪ በስም ሳይጠሩ ያውቃቸዋል።

ደሴቶቹ ሮምን አመጡበት። አንጥያኮስ በ196 በአውሮፓ ዳርቻ ወዳለችው ወደ ትራቄ ተሻግሮ ፈርሳ የነበረችውን ሊሲማክያን ያሠራ ጀመር። መብቱ በእርሱ ዓይን ግልጽ ነበር፤ የቤቱ መሥራች ሴሌውቆስ በ281 የትራቄን ንጉሥ ሊሲማኮስን ድል አድርጎ አገሩን ወርሷል። የሮም መልእክተኞች መጥተው ከአውሮፓ እንዲወጣና ነጻ ከተሞችን እንዳይነካ ሲጠይቁት፣ እኔ በኢጣልያ ጉዳይ እንደማልገባ እናንተም በእስያ አትግቡ የሚል መልስ ሰጠ። መልሱ ለክርክር ጥሩ ነው። ለመንግሥት አመራር ግን የሚያስፈልገው ጥያቄ ማን ትክክል ነው ሳይሆን ትራቄ ምን ያወጣል የሚለው ነበር። በ193 ሮማዊው ፍላሚኒኖስ ነገሩን አፍረጥርጦ አቅርቦታል፤ ንጉሡ አውሮፓን ከተወ ሮም የእስያን ከተሞች ጉዳይ ትተዋለች። ከኤጌ ባሕር እስከ ሕንድ ደጃፍ ላለ መንግሥት አንዲት የባሕር ማዶ ጠረፍ መተው ቀላል ዋጋ ነበር። አንጥያኮስ አልከፈለውም። በአባቶቹ ስም የተያዘ መሬት በገዛ እጁ መልቀቅ፣ ንግሥናው በድል ለሚለካ ንጉሥ፣ ከሽንፈት የማይለይ ሆኖ ታየው ይመስለኛል።

በ195 የካርታጎው ሃኒባል ከአገሩ ሸሽቶ ወደ እርሱ መጥቶ ነበር። 100 የጦር መርከብ፣ 10,000 እግረኛና 1,000 ፈረሰኛ ቢሰጠው ጦርነቱን ወደ ኢጣልያ እንደሚወስደው ተናገረ። ባለሟሎቹ የባዕድ ሰው ክብር አልተስማማቸውም፣ ንጉሡም አልሰጠውም። በ192 አንጥያኮስ ራሱ የግሪክ ወገን በሆኑት በአይቶላውያን ግብዣ በግሪክ ምድር ሲያርፍ ይዞ የወጣው 10,000 እግረኛ፣ 500 ፈረሰኛና 6 ዝሆን ነው። ሃኒባል ለጠላት ልብ የጠየቀውን ያህል እግረኛ፣ እርሱ ለማይጠቅም ጠረፍ አዋለው። በምሥራቅ 150 ዝሆን የነዳ ሰው ግሪክን በስድስት ዝሆን አስገብራለሁ ማለቱ፣ እኔ ከታየሁ ሕዝቡ ይዞርልኛል የሚለውን የወጣትነት ትምህርቱን ካላሰብን በቀር ሊገባን አይችልም። ሞሎን ላይ የሠራው ነገር ግን እዚህ ሊሠራ አልቻለም፤ ግሪኮች የእርሱ ሰፋሪዎች አልነበሩም። 50 ዓመት የሞላው ንጉሥ በካልኪስ አንዲት ወጣት አግብቶ በሠርግ ከረመ፤ በ191 በቴርሞፒሌ ሮማውያን በተራራው መንገድ ዞረው ሰበሩትና 500 ከሚሆኑ ሰዎች ጋር ብቻ አምልጦ ወደ ኤፌሶን ተሻገረ።

በባሕርም ተሸነፈ። ከሚዮኔሶሱ የባሕር ድል በኋላ ተደናግጦ ያሠራትን ሊሲማክያን ከነስንቋ ጥሎ ወጣ፣ ሮማውያንም የእስያን ወሰን ያለ ውጊያ ተሻገሩ። እርቅ ሲለምን ቀድሞ የተጠየቀውን ከተሞችና ግማሽ የጦርነት ወጪ ሊሰጥ አለ፤ አሁን ግን የተጠየቀው ወጪው በሙሉና እስከ ታውሮስ ተራራ ያለው አገር ሁሉ ነበር። በማግኔዥያ ከ30,000 በማይበልጡ ሮማውያንና አጋሮች ላይ፣ በሮማውያን ቆጠራ፣ ከ60,000 በላይ እግረኛና ከ12,000 በላይ ፈረሰኛ አሰለፈ። የቀረው በመግቢያው ተነግሯል። ግራ ክንፉ የተበተነው የሮም አጋር የነበረው የጴርጋሞኑ ንጉሥ ኤውሜኔስ ማጭድ የታሰረባቸውን ሠረገሎች ፈረሶች በቀስትና በወንጭፍ አስደንብሮ ወደ ራሳቸው ሰልፍ ስለመለሳቸው ነው። አንጥያኮስ ያን ጊዜ አልነበረም።

በ188 የተፈረመው የአፓሚያ ውል ታናሽ እስያን እስከ ታውሮስ ወሰደ፣ ዝሆኖቹን አስረከበ፣ የጦር መርከቦቹን ወደ 10 አወረደ፣ 15,000 መክሊትም አስከፈለ። ይህ ወደ 390 ቶን የሚጠጋ ብር ነው። 3,000ው ቶሎ የሚከፈል ሲሆን የቀረው በየዓመቱ 1,000 መክሊት ሆኖ በ12 ዓመት የሚያልቅ ነበር። ካርታጎ ከሃኒባል ጦርነት በኋላ የተፈረደባት 10,000 መክሊት ሲሆን ያውም በ50 ዓመት የሚከፈል ነው። የንጉሡ ሞት የመጣው ከዚህ ዕዳ ነው፤ በ187 በኤላም አገር የቤል ቤተ መቅደስ ገንዘብ ሊዘርፍ ገብቶ የአገሩ ሰዎች ገደሉት። ልጁ ራብዓይ ሴሌውቆስ ባለሟሉን ሄሊዮዶሮስን ወደ ኢየሩሳሌም መቅደስ የላከውም ያንኑ ብር ፍለጋ ነው።

ሆኖም መንግሥቱን የገደለው ብሩ ነው የሚለውን አሳብ አልቀበለውም። ከ20 ዓመት በኋላ ሌላው ልጁ ራብዓይ አንጥያኮስ በአንጾኪያ አጠገብ በዳፍኔ ያሳየው ሰልፍ የደኸየ መንግሥት ሰልፍ አይደለም፤ ሜዶንና ባቢሎንም የጠፉት ከ150 ወዲህ ነው። በእኔ ዕይታ ከሁሉ ያጠፋው ብዙ ያልተወራለት አንቀጽ ነው፤ 20 ሰዎች መያዣ ሆነው ሮም እንዲቀመጡ የሚለው። ከእነርሱ አንዱ ታናሹ ልዑል አንጥያኮስ ነበር። ቆይቶ በወንድሙ ልጅ በድሜጥሮስ ተለወጠ፤ በ175 ሄሊዮዶሮስ ንጉሡን ሲገድል እውነተኛው ወራሽ ድሜጥሮስ በሮም ታስሮ፣ አጎቱ አንጥያኮስ አልጋውን ያዘ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በአንድ ቤት ሁለት የነገሥታት ዘር፣ ሁለቱም ሕጋዊ ሆኖ፣ ቆመ። በ220 ሞሎንንና አኬዎስን የጣለው ግንብ፣ እውነተኛው ንጉሥ አንድ ነው የሚለው የወታደር እምነት፣ ከውስጥ ተሰነጠቀ።

ራብዓይ አንጥያኮስ በ164 በፋርስ ሲሞት ልጁ ኀምሳዊ አንጥያኮስ ሕፃን ነበር፤ ሊስያስ የተባለ እንደራሴ ያስተዳድርለት ነበር። የሮም መልእክተኛ ኦክታቪዮስ መጥቶ ከአፓሚያው ውል ውጭ የተገኙትን መርከቦች አቃጠለ፣ የተገኙትን ዝሆኖችም ቋንጃቸውን አስቆረጠ፤ በሎዶቅያም ተገደለ። ድሜጥሮስ የሮም ሸንጎ ደጋግሞ ቢከለክለውም፣ እርሱ ራሱ መያዣ በነበረው በታሪክ ጸሐፊው በፖሊቢዮስ ምክር፣ በ162 በሌሊት በመርከብ አመለጠ። ጥቂት ሰው ብቻ ይዞ በፊንቄ ጠረፍ በጥሪጶሊስ ሲወርድ የሶርያ ወታደሮች ያደረጉት የሞሎን ወታደሮች በጤግሮስ ማዶ ያደረጉትን ነው፤ ንጉሡን አይተው ወደ እርሱ ዞሩ። ሊስያስንና ብላቴናውን ይዘው መጡ፤ ድሜጥሮስ ፊታቸውን አታሳዩኝ አለ፤ ወታደሮቹም ሁለቱን ገደሏቸው። ብላቴናው የታላቁ አንጥያኮስ የልጅ ልጅ ነበር። ድሜጥሮስም እንዲሁ።